የቡድን አማካይ ከነዝርዝሩ፦ ኦቨር፣ ጆይን ወይስ ሰብኩዌሪ?

ድሬ ላይ የሱቅና የመጋዘን ሲስተም የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «እያንዳንዱ ሽያጭ በየራሱ መስመር ይታይ፣ ከጎኑ የሰፈሩ አማካይ ዋጋ ይግባ። ግሩፕ ባይ (መስመሮችን በቡድን ማጠቃለያ) ሳደርግ ግን ዝርዝሩ ይጠፋል። የቱን ልያዝ?» ዳታቤዛችሁ ከቻለ ኦቨርን ያዙ፤ ይህ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ትእዛዝ መስመሮቹን ሳያጠቃልል የቡድኑን ስሌት ከየመስመሩ ጎን ያስቀምጣል። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ጆይን (ሁለት ቴብል ማዛመጃ) እና ሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪ)፣ ለአሮጌ ቨርዥን ናቸው።

እንበል ሽያጭ የሚባል ቴብል ላይ የብርድ ልብስ ዋጋ በየሰፈሩ ተመዝግቧል፦ ታይዋን ሰፈር 1200፣ 1500 እና 1800 ብር፤ ከዚራ 1600 እና 2000። አንድ የ900 ብር ሽያጭ ደግሞ ሰፈሩ ሳይሞላ ነል (ባዶ) ሆኖ ቀርቷል። ሰሌክቱ ላይ «ኤቪጂ(ዋጋ) ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ሰፈር)» ብትጨምሩ፣ ማለትም አማካዩን በየሰፈሩ አስላ ብትሉ፣ ስድስቱም መስመር ይወጣል፤ ከታይዋን ጎን 1500፣ ከከዚራ 1800፣ ሰፈር ከሌለው 900።

በግሩፕ ባይ አማካዩን አውጥታችሁ በሰፈር ጆይን ስታደርጉ ግን የሚወጣው አምስት መስመር ነው። ነል ከነል ጋር እኩል ስለማይሆን ስድስተኛው ይወድቃል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ድምሩ ብቻ 900 ብር ይጎድላል፣ ጣት የሚቀሰረውም ገንዘብ ያዧ ላይ ነው። ሌፍት ጆይን መስመሩን ይመልሳል፣ አማካዩን ግን ባዶ ይተወዋል።

ለየመስመሩ የሚጠራው ሰብኩዌሪም ነል ላይ እንዲሁ ባዶ ይሰጣል። ሰፈር ላይ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ከሌለ ደግሞ 20 ሺህ መስመር ያለው ቴብል 20 ሺህ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊነበብ ይችላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ኦቨር ስንት ያስወጣል? 0 ብር። ፖስትግሬስ ከ8.4፣ ማሪያዲቢ ከ10.2፣ ማይኤስኪውኤል ከ8.0፣ ኤስኪውኤላይት ከ3.25 ጀምሮ አላቸው፤ ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ኤክስፕረስ የሚባል ነፃ እትም አለው። እስከ 2022ቱ ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ ለሱቅ ሽያጭ ከበቂ በላይ ነው። አቦ፣ ይህ እያለ በፍላሽ ለሚመጣ ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ሶፍትዌር) የማስጫኛ መክፈል ምን ይሉታል? ክራኩ እንዲገባ አንቲቫይረስ አጥፉ ትባላላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ውስጥ ምን እንደገባ አይታወቅም። ጥገናው ፎርማት ከሆነ ደግሞ ባክአፕ ያልተያዘለት ዳታ አብሮ ይሄዳል።

ማይኤስኪውኤል ላይ ኦቨር ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ካለ ኮዱን ከመነካካት በፊት «ሰሌክት ቨርዥን()» በሉ። ዛምፕ (የዌብ ሰርቨርና የዳታቤዝ ጥቅል) የጫነ ሰው ማይኤስኪውኤል አለኝ ቢልም በቅርብ ዓመታት እትሞች ውስጥ ያለው ማሪያዲቢ ነው። 5.7 ላይ የቀረ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ጆይኑን ተጠቀሙ፤ ማዛመጃው ላይ በእኩል ምልክት ፈንታ «<=>» አድርጉ፣ ነልንም ያዛምዳል። አክሰስ ላይ ኦቨር ጭራሽ የለም።

ኦቨርም ወጥመድ አለው። ቅንፉ ውስጥ «ኦርደር ባይ ዋጋ» ከጨመራችሁ አማካዩ ተንከባላይ ይሆናል፦ ታይዋን ላይ 1200፣ 1350፣ 1500። የመጨረሻው ቁጥር ልክ ስለሆነ ዓይን ያታልላል። ዝርዝሩን መደርደር ከፈለጋችሁ ኦርደር ባይን ከቅንፉ አውጥታችሁ ኩዌሪው መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ዌር (የመስመር ማጣሪያው) ከኦቨር በፊት ይሠራል። «ዋጋ > 1300» ካላችሁ የታይዋን አማካይ 1650 ይሆናል፣ 1200ው ቀድሞ ተጥሏልና። አማካዩን ውስጠኛ ኩዌሪ ላይ አስሉ፣ ማጣሪያውን ውጭ አድርጉ። የክፍያ ቴብልም ከማገናኘታችሁ በፊት አስሉ፤ በሁለት ጊዜ የተከፈለ ብርድ ልብስ ሁለት መስመር ሆኖ አማካዩን ያዛባዋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዋጋው ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆነ የ1600 እና የ1601 አማካይ 1600 ይላችኋል፤ ሳንቲሙ እንዳይቆረጥ ዋጋውን ኤቪጂ ውስጥ ወደ ዴሲማል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ካስት አድርጉት፣ ማለትም ቀይሩት።