ኮሮላ ወይስ ሲቪክ?

እዚህ የማወዳድረው የቶዮታ ኮሮላንና የሆንዳ ሲቪክን የቤንዚን ሴዳኖች ነው። ኮሮላ ከ1966፣ ሲቪክ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገድ ላይ አሉ።

እኔ ቀድሜ የማየው የኋላ ወንበሩን ነው። የሹፌሩን ወንበር ለራስዎ ያስተካክሉና ከኋላው ሄደው ይቀመጡ። ኮሮላ ውስጥ ጉልበትዎ ወደ ፊተኛው ወንበር ይጠጋል፤ ሲቪክ ውስጥ እግርዎን ዘና ያደርጋሉ። የ2022 ሞዴል ሲቪክ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2,735 ሚሊ ሜትር አለው፤ የኮሮላው 2,700 ነው። የሲቪክ መሪም ቶሎ ይታዘዛል፤ መንዳት ለሚወድ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኮሮላ ዳገት ላይ ሲረግጡት ሞተሩ ይጮኻል። ግን ለዓመታት ሳያስቸግር ያገለግላል፣ ሲሸጡትም ዋጋው ብዙ አይወርድም። አጭር አጭር ጉዞ የሚያበዛ ሰው ሲቪክን ከመረጠ ተርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለውን ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ቢወስድ ይሻለዋል።

ቤተሰብ ላለው ምርጫዬ ሲቪክ ነው።