ለክሮም ፍሳሽ የቱ ይሻላል? ኖራ ወይስ ፈንገስ?

ሞጆ ላይ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው ክሮም በሚባል ብረት ጨው ነው። ቆዳው ያልመጠጠው ክሮም ከውሃው ጋር ይወጣል። ታዲያ ወንዝ ሳይገባ በምን ይያዝ?

የተለመደው ኖራ ነው። ኖራ ሲጨመር የውሃው አሲድነት ይቀንሳል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲድ ነው) 8 አካባቢ ሲደርስ ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀመጣል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ራስ ምታቱ ዝቃጩ ነው፤ ብዙ ነው፣ መጣያ ይፈልጋል። በጣም መርዛማ የሆነውን የክሮም ዓይነት፣ ክሮም 6ን፣ ደግሞ ኖራ ብቻውን አያወርደውም።

ፈንገሱ የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። አስፐርጊለስ ናይጀርን እንውሰድ። የቆየ ሽንኩርት ስንልጥ የምናየው ጥቁር ዱቄት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሲትሪክ አሲድ ፋብሪካዎች በገፍ ያሳድጉታል፤ ምርቱ ከወጣ በኋላ የሚተርፈውን ማግኘት ይቻላል። በሕዋስ ግድግዳው ያሉት ካይቲንና መሰል ሞለኪውሎች እንደ ክሮም ያሉ ብረቶችን አዮኖች (በውሃ የሟሙ ቅንጣቶች) ይይዛሉ። መሞቱ እንኳ አያግደውም፤ ደርቆ ተፈጭቶም ይሠራል። እንዲያውም የሞተ ፈንገስ መርዙ አያሰጋውም፣ ምግብ አይጠይቅም። ክሮም 6ን መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ክሮም 3 መለወጥም ይችላል። ቀጠን ባለ አሲድ ሲታጠብ የያዘውን ብረት በአብዛኛው ይለቅና እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ግን ክሮም የበዛበት ፍሳሽ ቶሎ ይሞላዋል። ፒኤች ሲዛባም ይሰንፋል።

እኔ ብጠየቅ ወፍራሙን ፍሳሽ ለኖራ፣ ከኖራ ያመለጠውን ለፈንገስ እሰጣለሁ። ክሮም በሁለቱም አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ለማልፊያ ማዋል ግን ይቻላል።