ሾላ ገበያ ጋ ያለችው ባልትና ቤት፣ ካለፈው ፋሲካ እስከ ዘንድሮ ፋሲካ የገዛሁትን ልንገራችሁ

ሰሞኑን በርበሬ ከየት ነው የምትገዙት የሚል ጥያቄ በየቦታው ስለማይ ይሄን ልጻፍ አልኩ። እኛ ቤት በርበሬ ተገዝቶ አያውቅም ነበር፣ እናቴ ናት ዛላውን ቀንጥሳ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደልዛ አስጥታ አስፈጭታ ለኔም ለእህቶቼም የምታከፋፍለን። አምና ጉልበቷን ስላመማት በቃ ቁጭ ብላ መቀንጠስ አልቻለችም፣ እኔ ደሞ ስራ ውዬ ማታ እየገባሁ በርበሬ አዘጋጃለሁ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ጎረቤቴ ናት ሾላ ገበያ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ባልትና ቤት የወሰደችኝ። ባለቤቷን እትዬ ነው የምንላቸው፣ ስለሳቸው ልጽፍ ነው ስላቸው ስሜን እንዳትጽፊ የበዓል ሰልፉ አሁንም አልቻልኩትም ስላሉኝ አልጽፍም።

በርበሬው ጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ትንሽ ቆንጥሬ ብርጭቆ ውሃ ላይ መበተን ነው ምክንያቱም ሸክላ የተቀላቀለበት ነገር ስንት ጊዜ ሰማን፣ አፈር ነገር ካለው ቶሎ ብሎ ታች ይዘቅጣል፣ የሳቸው ላይ እንደዛ አላየሁም። ያለፈው ፋሲካ ዶሮ ላይ ሶስት ኪሎ ሽንኩርት ያለዘይት ሙክክ እስኪል አብስዬ ሩብ ኪሎ የሚሆን በርበሬ ጨመርኩበት፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ሳቁላላው ቀለሙ በጣም ያምር ነበር ሽታውም ደረጃ ድረስ ወጣ። ችግሩ ጨው ነው! በርበሬው ውስጥ ጨው አብሮ ተፈጭቷል ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም እንደ እናቴ በርበሬ መስሎኝ ጨዉን እንደለመድኩት አደረግኩና 12 ብልት ዶሮ ጨው በዛበት፣ በዛ ላይ እንግዳ ተጠርቷል። በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ለ55 ቀን ጾሞ የሚጠብቀው ሰው አለ። ሄጄ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም፣ ከዛ በኋላ ጨው የሌለው ብላችሁ ካዘዛችሁ ለብቻ ያስፈጩላችኋል። ስለዚ ስታዙ ይሄን ቃል እንዳትረሱ፣ ያው ደሞ የማንንም በርበሬ ብትገዙ ወጡን ቀምሳችሁ መጨረሻ ላይ ጨው አድርጉ።

መከለሻው ግን ሌላ ነገር ነው። እውነቴን ነው እዛ ቤት ሄዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል መከለሻውን ነው የምለው። ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ቅርንፉዱ ሁሉም ለየብቻ ይለያል፣ ሱፐርማርኬት በላስቲክ ታሽጎ እንደሚሸጠው የሞተ ሽታ አይደለም። እትዬ የሚፈጩት ትንሽ ትንሽ ነው፣ ካለቀ አልቋል ይሉሻል እንጂ የከረመ አይሰጡሽም። ለእንቁጣጣሽ እናቴ እኔ ቤት ነበረች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና "ኮረሪማውን አሁን ነው የፈለፈሉት" አለች፣ ከዛ ወጡ ሊወጣ ሲል ራሷ ተነስታ ጨመረችው። ለሷ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው የሰራውን ቅመም ድስቷ ውስጥ የማታስገባ ሴት ናት። ለመስቀል የገዛሁት ሚጥሚጣም ጥሩ ነው ግን በጣም ያቃጥላል፣ ክትፎ ላይ ለልጆች ስትሰጡ ተጠንቀቁ።

አዘቦት ቀን የሚያኖረን ሽሮው ነው። ሚጥን ሽሮአቸው ሽምብራና አተር ነው፣ አብሹ ልክ ነው አይመርም፣ ድስቱ ላይ ሲንተከተክ ያብጣል ጓጉሎ አያስቸግርም። እኔ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ሽሮ ጥጄ ልጆቹን ሳለባብስ ይደርሳል፣ ግማሹን ፍትፍት አድርጌ ምሳ እቃ ውስጥ ነው የምከተው። ፍልሰታን ሙሉ፣ የነቢያትን ጾም ሙሉ፣ አሁን ሁዳዴንም በዚሁ ሽሮ ነው ያለነው፣ ከጎኑ አዚፋ ወይ ስንግ ቃሪያ ካለ ማንም ሌላ አይጠይቅም። የተፈጨውን ሱፍ ግን አልመክርም። ሁለቴ ገዛሁ፣ ሁለቴም ቆይቶ የጠነዛ ዘይት ዘይት የሚል ሽታ ነበረው፣ ሱፍ ቅባት ስላለው ተፈጭቶ ሲቀመጥ ይበላሻል። ፍሬውን ግዙና እቤት ለብ አድርጋችሁ ወቅጣችሁ በውሃ አጥልሉት፣ ግማሽ ሰአት ቢፈጅ ነው፣ ከተፈጨው ጋር የፍትፍቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ለጥምቀት ጃን ሜዳ ስንሄድ የያዝነው ሙሉ በሙሉ ከሳቸው ነው፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ በኦቾሎኒ እና ጭኮ። ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ ስትቆሙ እዛ የሚሸጠውን ከመፈለግ ጭኮ በትንሽ እቃ መያዝ በጣም ነው የሚያዋጣው፣ ውሃ ስለሌለው አይበላሽም፣ ሁለት ማንኪያ የበላ ልጅ እስከ ታቦቱ መግቢያ ራበኝ አይልም። ዳቦ ቆሎው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ እናቴ አልበላችውም ጥርሷ አይችልም። በሶውም ደቃቅ ነው፣ ዕቃ ውስጥ በውሃና በማር መታ መታ ማድረግ ነው።

ቅቤ ከዛ አልገዛም። እትዬ ራሳቸው ናቸው ቅቤውን ከሰው ነው የምቀበለው ልማልልሽ አልችልም ያሉኝ፣ ለዚህ ታማኝነታቸው ነው የበለጠ የማከብራቸው። ለጋ ቅቤ ሌላ ቦታ ቀምሼ አሽትቼ እገዛና እቤት በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በትንሽ እርድ አነጥራለሁ። ኮሰረቱ ከሳቸው ነው፣ ከነቅጠሉ ደርቆ ይሸጣል።

አገልግሎቱን በተመለከተ ደህና ነው አልልም። ስልክ አያነሱም፣ ቴሌግራም ላይ የሚመልሰው ልጃቸው ነው እሱም ሲመቸው፣ ዋጋው በየበዓሉ ስለሚለዋወጥ ሳትጠይቁ አትሂዱ፣ ወፍጮ ቤት ራሳችሁ ካስፈጫችሁት መወደዱ አይቀርም። ፌስታሉ ስስ ነው፣ አንድ ጊዜ ሞተረኛው ሲያመጣልኝ በርበሬው ቦርሳው ውስጥ ፈሶ ነበር። እቤት እንደደረሰ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት፣ የሚቆየውን ፍሪዘር አስገቡት። ዱባይ ላለችው እህቴ ስልክላት እኔ ራሴ ሁለት ሶስት ላስቲክ ደርቤ በስኮች አሽጌ ነው የምልከው፣ እስካሁን በሰላም ደርሷል፣ እሷም ከዛ ከምትገዛው ይሄ ይሻላል ብላ አሁን ጓደኞቿም ያዛሉ።

ለዘንድሮ ፋሲካ ከሆሳዕና በኋላ የሚመጣ ኦርደር አይቀበሉም፣ አምና ብዙ ሰው ለምኖ ባዶ እጁን ተመልሷል። እኔ ትናንት አስገብቻለሁ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ጨው የሌለው፣ መከለሻ፣ ኮሰረትና ጭኮ። ሽሮ አንድ ኪሎ ብቻ ነው ያዘዝኩት፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ብዙ አንነካውም።