ራስን የመቻል ሁለት መንገዶች በጥርስ ሕክምና ልምምድ

በማስተማሪያ ክሊኒክ ተማሪው 2 በመቶ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ሲወጋም ሆነ ጥርስ ሲነቅል መምህሩ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚያረጋግጥ፣ ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው። ሆኖም ውሳኔው ሁልጊዜ የመምህሩ ከሆነ፣ ተማሪው እጁን እንጂ ማመዛዘኑን አያሠለጥንም።

በአንጻሩ በደብረ ብርሃን ወይም በሸዋ ሮቢት ሆስፒታል፣ አማካሪው ሲጠራ የሚደርስለት ሆኖ ምርመራውን ራሱ እንዲጀምርና እንዲጨርስ የተፈቀደለት ተለማማጅ፣ ከመንዝ ገጠር ፊቱ አብጦ ዘግይቶ የመጣ ታካሚ ሲገጥመው፣ መግል በቋጠረ ቦታ ማደንዘዣ በሚገባ እንደማይሠራ በተግባር ያያል፤ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረም ሳይዘገይ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ይወስናል። እርዳታ መቼ እንደሚጠየቅ ማወቅም የዚሁ ነጻነት አካል ነው፤ እንዲያውም ዋናው ይመስለኛል። ታዲያ ክትትሉ ሊላላ የሚገባው የተማሪው ብቃት ሲረጋገጥ እንጂ ባለሙያ ስለጠፋ አይደለም።