ባለ ሁለት ፎቁ ኤ380 ወይስ ኤ350፦ የትኛው ያዋጣል?

«የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ሁሉ መንገደኛ እያመላለሰ ባለ ሁለት ፎቁን ኤርባስ ለምን አይገዛም?» የአውሮፕላን ቴክኒሺያን መሆኔን የሚያውቅ ወዳጅ ሁሉ፣ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም፣ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። መልሴ ከዋጋው ይጀምራል።

በኤርባስ የ2018 የዋጋ ዝርዝር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኤ380 445.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ኤ350-900 ደግሞ 317.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለቱም በድርድር ይቀንሳሉ፤ የ128.2 ሚሊዮን ልዩነት ግን በድርድር ብቻ አይጠፋም። «ብዙ ሰው ስለሚጭን በነፍስ ወከፍ ይረክሳል» ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ከሞላ ይረክሳል። ወደ 500 የሚጠጋ መቀመጫ ዓመቱን ሙሉ መሙላት ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚሳካ ነው። ኤርባስ በ2000 ገደማ በ20 ዓመት ከ1,200 በላይ ግዙፍ አውሮፕላኖች ይፈለጋሉ ብሎ ገምቶ ነበር። በ2021 ምርቱ ሲያበቃ ያስረከበው 251 ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 123ቱን የወሰደው ኤምሬትስ ብቻውን ነው።

ሲሸጥስ? ሲንጋፖር አየር መንገድ የተከራያቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኤ380ዎች አሥር ዓመት ገደማ በርረው ለጀርመናዊ ባለቤታቸው ሲመለሱ ሌላ ተከራይ ጠፋ። ፈረንሳይ ውስጥ ታርብ ላይ ተበታትነው በመለዋወጫነት ተሸጡ። በአሥር ዓመቱ አውሮፕላን ገና ጎልማሳ ነው፤ ዜናውን ስሰማ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ጥገናውን የሚያውቀው የሠራበት ነው። አራት ሞተር፣ 22 ጎማ። በ2012 የኤ380 ክንፍ ውስጥ ስንጥቅ ሲገኝ ሁሉም መፈተሽ ነበረባቸው። ነዳጅ የሚቀመጠው ክንፉ ውስጥ ስለሆነ፣ የክንፍ ታንክ ውስጥ መግባት ማለት ነዳጁን ቀድቶ ማውጣት፣ ታንኩን በአየር ማናፈስ፣ ከዚያ በደረት ተስቦ በባትሪ መብራት ከፀጉር የቀጠነ መስመር መፈለግ ነው።

ርካሽ መለዋወጫ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። በሠራሁበት አንድ ሃንጋር ከደላላ የተገዛ ቡሽ (መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት) መጣልን፤ ያብረቀርቃል። ከዕቃው ጋር በመጣው ካርድ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ግን ብረቱ ላይ ከተቀረጸው በአንድ አሃዝ ይለያል። ዕቃውን ጥለን አውሮፕላኑን ሦስት ቀን አቆምን። በዓለም ላይ 251 ብቻ ለተሠራ አውሮፕላን አማራጭ ሻጭ ጥቂት ስለሆነ፣ የደላላ በር የሚያንኳኳ ገዢ ይበዛል ብዬ እፈራለሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤ350ን በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል፤ ትክክል አድርጓል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክብደት ይቀጣል። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ያውቁታል፦ ሲመጡ በቀጥታ፣ ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፍ።

ኤ380 ያዋጣል የምለው እንደ ዱባይ–ለንደን ባለ መስመር ነው፤ በለንደኑ ሄትሮው አየር ማረፊያ ተጨማሪ የማረፊያ ሰዓት ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ በአንድ በረራ ብዙ ሰው መጫን ትርጉም አለው። ለሌላው ገዢ ኤ350-900ን፣ መንገደኛው ለሚያንስበት መስመር ቦይንግ 787ን እመክራለሁ። 787ን የሚገዛ ግን የሞተሩን የጥገና ውል ከአውሮፕላኑ ውል ጋር አብሮ ይፈርም፤ ለ787 ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ የሆነው የሮልስ ሮይስ ትሬንት 1000 ምላጮች (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ስስ ክንፎች) ካለጊዜያቸው እያለቁ ብዙ 787ዎችን መሬት ላይ አስቀምጠዋል።