ማታ አንድ ሁለት እያሉ ሲፓፕ ለሚጠቀሙ፦ ለሲልቨር ስፕሪንጓ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም) ተገኝቶባችሁ ሲፓፕ (በማስክ በኩል አየር በግፊት የሚያስገባ ማሽን) ለታዘዘላችሁ ወገኖቻችን ነው። የምናመሰግናት እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የእንቅልፍ ክሊኒክ ሪስፓይራቶሪ ቴራፒስት፣ ማለትም የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያ ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀደች አንጽፈውም። ሥራዋን ግን እንጽፋለን፤ እኛም በጤና ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ስለሆንን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናውቃለን።

በብዙ ክሊኒክ ስለ መጠጥ የሚጠየቀው «ይጠጣሉ?» ተብሎ ብቻ ነው። መልሱም «አልጠጣም» ወይም «አልፎ አልፎ» ይሆንና ነገሩ እዚያው ያበቃል። በተለይ አስተርጓሚዋ የገዛ ልጅ ስትሆን፣ የትኛው አባት ነው በፊቷ አረቄውን የሚቆጥረው? እህታችን ልጆቹን በትህትና ውጭ እንዲቆዩ ትጠይቅና በአማርኛ ትጀምራለች፦ «ማታ ምን ይወስዳሉ? በምን ዕቃ? በስንት ሰዓት ጨርሰው በስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ጥያቄው ስለ ደም ግፊት ኪኒን ከሚጠየቀው አይለይም፣ ፊቷም ላይ ፍርድ አይታይም። ሰውየው እውነቱን የሚናገረው ለዚህ ነው። እውነቱ ካልተነገረ ደግሞ ማሽኑ የሚያወጣውን ቁጥር በትክክል ማንበብ አይቻልም።

ስለ ዕቃው የምትጠይቀው በምክንያት ነው። በአሜሪካ አንድ ድሪንክ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ ይህም 355 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ፣ 148 ሚሊ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን ወይም 44 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ ማለት ነው። ብርሌና መለኪያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ስሌቱን ታስተምራለች፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ አባዙ፣ ውጤቱን በ0.8 አባዙ፣ ከዚያ ለ100 አካፍሉ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ባለ 10 በመቶ ጠጅ ሲሞላ 24 ግራም ነው፤ «አንድ ብርሌ ብቻ» ወደ ሁለት ቢራ ተጠጋ ማለት ነው። 50 ሚሊ ሊትር ባለ 45 በመቶ አረቄ 18 ግራም ይወጣዋል። ብርሌያችሁን አንድ ቀን ውሃ ሞልታችሁ ወጥ ቤት ባለው መለኪያ ለኩት። ቤት የተጣለ ጠጅና ዳግም አረቄ መቶኛቸው ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ከባድ ናቸው ብላችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ጉሮሮው እንምጣ። ምላስን ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ ጡንቻ አለ። እንቅልፍ ሲወስደን ይህ ጡንቻ ይላላል፣ አልኮል ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይላላል፤ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቅና የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ትንፋሽ ሲቋረጥ አንጎል ራሱን ቀስቅሶ ጉሮሮውን ይከፍታል፤ አልኮል ይህን መቀስቀስ ስለሚያዘገየው እያንዳንዱ መታፈን ይረዝማል፣ ኦክስጅንም የበለጠ ይወርዳል። በዚያ ላይ አፍንጫ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ያብጡና አፍንጫ ይደፈናል። «ስጠጣ እኮ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል» የሚለው ንግግር ግማሹ እውነት ነው፤ ቶሎ ይወስዳል። ነገር ግን ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተገፍቶ ወደ ንጋት ይከማቻል፣ በዚያ የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አፕኒያ ይበረታል። ሽንት መመላለሱም አለ።

ታዲያ በስንት ሰዓት ይቁም? እሷ የምትሰጠው ልክ ይህ ነው፦ የመጨረሻው ጉንጭ ከመኝታ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ይበል፣ መጠኑም ከሁለት ድሪንክ አይለፍ። ጉበት አንዱን ድሪንክ ለመጨረስ በአማካይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ላይ ሁለተኛውን ቢራ የጨረሰ ሰው 5 ሰዓት ላይ ሲተኛ አብዛኛው ወጥቶለታል። አራት ቢራ ከሆነ 4 ሰዓት አይበቃም። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ብዙ ውሃ፣ የትኛውም ጉበቱን አያፋጥነውም። ቡናው እንዲያውም እንቅልፉን በሌላ በኩል ያበላሻል።

የዚህች ባለሙያ ልዩነት ግን ማሽኑ ላይ ነው፤ ብዙ ቦታ የማይነገረውም ይኸው ነው። ሲፓፕን በ1981 ለዓለም ያስተዋወቀው የሲድኒው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አየር በግፊት ገብቶ ጉሮሮን ከውስጥ ደግፎ ይያዝ። ድጋፉ የሚሠራው ግን ግፊቱ በሰዓቱ ከደረሰ ነው። ራምፕ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ ከዝቅተኛ ግፊት፣ ብዙ ጊዜ ከ4 (ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው)፣ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወጣል። 45 ደቂቃ ተደርጎ ከተሞላና የሚያስፈልጋችሁ 11 ከሆነ፣ የጠጣ ሰው በ5 ደቂቃ እንቅልፍ ይወስደውና ጉሮሮው የሚፈልገው ግፊት ሳይደርስለት ይቆያል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደዚያ እየታፈኑ ያልፋል። እሷ ይህን ቀድማ ታያለች፤ ራምፑን ወደ አውቶ ትቀይረዋለች፣ ማሽኑም ሰውየው መተኛቱን ሲያውቅ ግፊቱን ያነሳል። አውቶ የሌለው ማሽን ከሆነ ደቂቃውን ታሳጥረዋለች፣ መነሻውንም ከፍ ታደርገዋለች። ይህን ራሳችሁ አትንኩት፣ ጠይቃችሁ አስደርጉት።

ቀጥሎ የምታየው ሊክን፣ የአየር ማምለጥን ነው። የጠጣ ሰው መንጋጋው ስለሚላላ አፉ ይከፈታል፤ ማስኩ የአፍንጫ ብቻ ከሆነ አየሩ በአፍ ይወጣል። ጠዋት አፍ እንደ ብራና ደርቆ መነሳት ምልክቱ ነው። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ማሽኖች ሊኩ በደቂቃ ከ24 ሊትር በላይ ሆኖ ከቆየ ሕክምናው እየተበላሸ ነው ማለት ነው። መፍትሔዎቿ ቅደም ተከተል አላቸው፦ መጀመሪያ አፍንጫውን በጨው ውሃ ማጠብ፣ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ ሆኖ፤ ከዚያ የማሽኑን እርጥበት አንድ ደረጃ መጨመር፤ ከዚያ በጎን መተኛት፤ እነዚህ ካልሠሩ የአገጭ ማሰሪያ ወይም አፍንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን ማስክ። አፍን በፕላስተር መለጠፍን ግን፣ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ አጥብቃ ትከለክላለች። ጠጥቶ አፉን ለጥፎ የተኛ ሰው ቢያስመልሰው የት ያስወጣዋል? ሙሉ ማስክ ላይም ያው አደጋ ስላለ፣ ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ እስኪያልፍለት ሙሉውን ማስክ አያጥልቅ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ይወቅ።

ሪፖርቱን የምታነብበት መንገድ ደግሞ ሊቅነቷን ያሳያል። ኤኤችአይ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም እንዳጠረ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሲመረመር ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሲፓፕ ከ5 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ሰው 4 አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። እሷ ግን ሌሊቱን በሰዓት በሰዓት ትከፍተዋለች። ለ7 ሰዓት የተኛ ሰው 4 ቢያሳይ በጠቅላላው 28 ጊዜ ነው፤ ከ28ቱ 24ቱ መጠጡ ባልወጣባቸው የመጀመሪያ 2 ሰዓታት ውስጥ ከሆኑ እዚያ ላይ ያለው በሰዓት 12 ነው። አማካዩ ሸፍኖታል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ማሽኑ የሚቆጥረው ማስኩ ፊት ላይ ሳለ ብቻ ነው። ጠጥቶ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳያውቀው ማስኩን ነቅሎ ይጥላል፣ የቀረው ሌሊት በየትም አይመዘገብም፣ ቁጥሩም ያማረ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከኤኤችአይው ጎን የአጠቃቀም ሰዓቱን ሳታይ ሪፖርት አትዘጋም።

ከምንም በላይ የምትታገለው «ዛሬ ስለጠጣሁ ማስኩ ይቅር» የሚለውን ልማድ ነው። ጉሮሮው በጣም የሚላላበት ሌሊት ማስኩ እጅግ የሚያስፈልግበት ሌሊት ነው። ማስኩን ትራስ ላይ አስቀምጡት፣ የማሽኑ ውሃ ከመውጣታችሁ በፊት ይሞላ፤ ስትመለሱ የሚቀረው ማጥለቅ ብቻ ይሁን። ኢንሹራንሱም አለ። ሜዲኬር በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት ቢያንስ 70 በመቶ ለሚሆኑት ሌሊቶች፣ ማለትም ለ21 ሌሊት፣ በየሌሊቱ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀምን ይጠይቃል፤ ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ይህንኑ ይከተላሉ። ዓርብና ቅዳሜ ብቻ የሚዘልል ሰው ከ30 ሌሊት ከ8 እስከ 10 ያጣል። የሚፈቀደው 9 ነው። አንድ ጉንፋን ከተጨመረበት ማሽኑ ሊወሰድ ይችላል።

የኛ ሰው ስለሆነች ብቻ ልታስበው የቻለችውን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በጾም ወቅት መጠጥ ለማይቀምሱ ጾመኞች የሁዳዴን 55 ቀናት እንደ ማነጻጸሪያ ትጠቀምባቸዋለች። የጾሙን ሳምንታት ሪፖርትና ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት ጎን ለጎን አትማ ታሳያለች። ምክር ያልገባው ሰው በገዛ ሌሊቱ ሁለት ገጽ ይገባዋል።

ጫት ለሚቅሙም ጥያቄ አላት። ምርቃናውን ለመስበር የሚደረገው ጨብሲ የሚጀመረው አምሽቶ ነው፣ መጠኑም አይታወቅም፣ አንዳንዱም እንቅልፍ እንዲወስደው ዲያዜፓም ይጨምርበታል። አልኮልና ማስተኛ ኪኒን፣ ወይም አልኮልና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ አንድ ላይ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ አደጋው የባሰ ነው። እዚህ ላይ ልክ አትሰጥም፤ በጭራሽ ትላለች፣ ሐኪሙም እንዲያውቅ ታደርጋለች። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣውንም ሰው «ከነገ ጀምሮ ተው» ብላ አትሸኝም፤ በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል እንዲቀንስ ትልከዋለች። ሲቀንስ ደግሞ እንቅልፍ ለጊዜው እንደሚረበሽ አስቀድማ ትነግረዋለች፣ ሰውየው «መጠጡ ይሻለኝ ነበር» ብሎ እንዳይመለስ።

ለሠርግና ለበዓል አገር ቤት ለሚሄዱ የምትሰጠው ዝግጅትም ተግባራዊ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው፤ ከማሽኑ ገመድ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የደም ኦክስጅን ከሜሪላንዱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለ መጠጥ እለፉ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ያልጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይነቃል፣ የጠጣ ላይነቃ ይችላል። የሲፓፕ ባትሪ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ።

እሷ ጋ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ክሊኒኩን እንጠቁማችኋለን። ስትሄዱ ማሽኑን ከነገመዱ፣ ማስኩን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ እንዲሁም ለሁለት ሳምንት የጻፋችሁትን ይዛችሁ ቅረቡ፦ ምን፣ ስንት፣ የመጨረሻው ጉንጭ በስንት ሰዓት፣ መኝታ በስንት ሰዓት። ገና ምርመራ የምታደርጉ ከሆነ በዚያን ቀን እንደታዘዛችሁት አትጠጡ፣ ነገር ግን የዘወትር ልማዳችሁን ለሐኪሙ ንገሩ፤ አለዚያ ሌላውን ሌሊታችሁን የማይመስል ውጤት ይወጣል። ርቃችሁ ያላችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ ይዘጋጅልኝ» በሉ፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

እህታችን፣ ከአንድ ሰው ጋ 40 ደቂቃ ተቀምጠሽ ብርሌውን በሚሊ ሊትር ስላስቆጠርሽው፣ ፊቱንም ሳታሳፍሪ ስለሸኘሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።