የእማዬን 19 ካሴቶች ላዳኑልን ሬዲዮ ጠጋኝ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የእናታችን ሙት ዓመት ሳይደርስ ድምፅዋን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ላስገቡልን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ለሚሠሩት አባት፦ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አልጻፍነውም። ካሴት ያለው ሰው በውስጥ ይጻፍልን፤ አድራሻቸውን እንሰጣለን።

እማዬ ሁሉን መስማት፣ ሁሉን መጠየቅ የምትወድ ሰው ነበረች። በካሴቶቹ ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ የነካካችው አኮርዲዮን፣ ከጡረታ በኋላ የተማረችው በገና፣ አሜሪካ ያለው ወንድማችን መልሶ ያመጣው የድምፅ ደብዳቤ አለ። በአንደኛው ላይ ቴፑን ወደ ቡና መቁያው አስጠግታ «ዝም በሉ እስኪ፣ ቡናው የሚለውን እንስማ» ትላለች። ከዚያ አራት ደቂቃ ሙሉ የሚሰማው ፍሬው ሲንጣጣ ብቻ ነው።

ምስጋናችን ለምን እንደበዛ የሚገባችሁ በበገናው ነው። መጀመሪያ ሌላ ቤት ያሠራናቸው ሁለት ካሴቶች «ጥርት ብለው» መጡ፤ በገናው ግን የለም። በገና ያንን የሚያነዝር ድምፁን የሚያገኘው ጅማቶቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው ላይ፣ በጅማቱ ሥር ከምትገባው ከእንዚራ ቆዳ ነው። ሹሹታ የሚያጠፋው ፕሮግራም ደግሞ ንዝረቱን ከካሴት ሹሹታ አይለይም፣ አብሮ ይጠርገዋል። የሚቀረው የተነካ ጅማት እንጂ በገና አይደለም። ጭረት ማጥፊያውም እንዲሁ፣ የቡናውን መንጣጣት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ይለቅመዋል። እኚህ አባት ሁለቱንም አልነኩም። ከመብራት የገባውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ብቻ፣ ያውም ከሁለት ካሴት ላይ ቀነሱ፤ ያልተነካውንም ቅጂ ለብቻው ሰጡን። ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ለእኛ ይኼ ነው።

ካሴት ተቀብሎ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ የሚከት ሰው ካጋጠማችሁ ይዛችሁ ውጡ። እሳቸው መጀመሪያ በባትሪ መብራት ያዩታል። ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም፣ በአንድ ማሽንም አይሄድም። ቀጥሎ ስፖንጇን ያያሉ። ክሩን ከ«ሄዱ» (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ጋር የምታስጠጋው በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈች ሚጢጢ ስፖንጅ ናት፤ ሙጫዋ ሲደርቅ ትወድቅና ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚወጣ ይታፈናል። ከእኛዎቹ ስድስቱ ላይ ወድቃ ነበር፤ ከአሮጌ ካሴት አውጥተው ተኩልን። አምስት ብሎን ያለው ካሴት በቀላሉ ይፈታል፤ በሙጫ የታሸገው ግን ልባሱ ተሰብሮ ክሩ ወደ ሌላ ልባስ ይዛወራል። የተበጠሰ ክር ቤት ውስጥ በስኮች እንዳትቀጥሉ! የስኮች ሙጫ በጎን እየወጣ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል፣ ሄዱንም ያቆሽሻል። በክሩ ልክ 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቀጠያ አለ።

ከማጫወታቸው በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱታል፤ ለዓመታት የተኛ ክር ተጣብቆ ስለሚቆይ። ባለ 120 ደቂቃውን ግን በእጅ ነው የሚያዞሩት፣ ክሩ ከባለ 60ው በውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ነውና ቶሎ ይሳሳባል። ከዚያ ሄዱን በአልኮል ጠርገው፣ አጠገቡ ያለችውን፣ የሄዱን ዘንበልታ የምታስተካክለውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ፣ የ«ሰ» ድምፅ ስል እስኪሆን ያዳምጣሉ። እያንዳንዱ ካሴት በሌላ ቴፕ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ይህ ለእያንዳንዱ ይደገማል።

አንድ ችግር ግን በካቻቢቴ አይፈታም። እማዬ የምትቀዳው ባለ ድንጋይ ቴፕ ላይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ክሩን በዝግታ እየጎተተ ይቀዳል፤ ያ ክር ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። በሦስት ካሴት ላይ እማዬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትመስል ነበር። «አኮርዲዮኑ አለ?» አሉን። አለ። የበገና ቅኝት እንደ ደርዳሪው ይለያያል፣ የአኮርዲዮን ምላስ ግን ቃናው እንደተሠራ ይቆያል። እቤት ካለው አኮርዲዮን አንድ ቃና ቀድተው ከካሴቱ ጋር አስተያዩት፤ አንድ ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) መውጣት ወደ 6 በመቶ የፍጥነት ልዩነት ነው። በዚያ ልክ ሲቀንሱት «ይቺ ቀይ መብራት በርታለች ወይ?» የምትለው የገዛ እናታችን ሆነች።

ያስረከቡን በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል ነው፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ለዘመድ አዝማድ የሚላከው ኤምፒ3 ለብቻው ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። ኦርጅናሎቹን ካሴቶችም መልሰው ይሰጣሉ፤ እንዳትጥሏቸው።

ነቀፌታችንንም እንናገር፦ ይዘገያሉ። የ60 ደቂቃ ካሴት በ60 ደቂቃ እንጂ ባነሰ አይቀዳም፣ እሳቸው ደግሞ እያዳመጡ ነው የሚሠሩት፤ የእኛ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ስልክም አያነሱም፣ ከሰዓት በኋላ በእግር መሄድ ይሻላል። ሂሳቡ በካሴት ብዛት ሳይሆን በቀረጻ ሰዓት ነውና ባዶዎቹን አስቀድማችሁ ለዩ። ካሴቶቹን ፀሐይ የሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡ። ሟች ይጫወቱበት የነበረ አኮርዲዮን፣ ዋሽንት ወይም ሃርሞኒካ ቤት ካለ እሱንም ያዙላቸው።